አስራ ሁለቱ አረንጓዴ ካዝናዎች

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የግቢውን በር ቀለም ሲያስቀባ እኔ በረንዳዬ ላይ ሻሂ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ነፋሱ የአኳራጅ፣ የዚያን የቀለም ማቅጠኛ፣ ሽታ ይዞ መጣ። የዛሬ ሰዎች ያንን ሽታ አይወዱትም፣ ራስ ያዞራል ይላሉ። እኔን ግን ስንት ዓመት አብልቶኛል፤ ሲመታኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጄ ደንግጣ "አባ፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ደህና ነኝ፤ ሀርጌሳ ጣሪያ ያልነበራት ጊዜ ድረስ ሄጄ ልመለስ ነው" አልኳት። ስቃ ገባች። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ሄድኩ፣ ስመለስም ሻሂው ቀዝቅዞ ዝንብ ገብቶበት አገኘሁት። የሄድኩበትን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ችኩል ካልሆናችሁ።

ያኔ ከተማዋ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበራትም። ጦርነቱ አልፎ ሰዉ ከየስደቱ እየተመለሰ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ በቁጥር ሰነፍ ነኝ፤ ዝናቡ ሁለቴ በደንብ የጣለበት፣ ሐብሐብ በየመንገዱ ተከምሮ የሚሸጥበት ዘመን ነው ብዬ ነው የማስታውሰው። ቤቱ ቆሟል፤ በሩ ተነቅሏል፣ መስኮቱ ተነቅሏል፣ ቆርቆሮው ተገፎ ሄዷል። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቁልቋል በቅሎ ያገኛል። አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ከካምፕ ተመልሰው ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በር የለም። ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና "ቢስሚላህ" ብለው ገቡ። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥተው "ለዚህ ቁልፍ በር ሥራልኝ" አሉኝ። ሠራሁላቸው፤ ቁልፉ ግን አልገጠመም፣ ሌላ ሰጠኋቸው። አሮጌውን እስኪሞቱ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር።

እኔ ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት፤ አባቴ የዚህ የሀርጌሳ ሰው ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የተማርኩት ቆርቆሮ ማጠፍ፣ በር መበየድና ቀለም መቀባት ነው፤ ቋንቋዬም የሰፈሬ አማርኛ ነው፣ ሶማሊኛዬን እዚህ ሰው ሲሰማ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። "አገር እየተሠራ ነው" ሲባል መሣሪያዬን በጆንያ አድርጌ በጭነት መኪና ላይ መጣሁ። መዶሻ፣ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ብረት አንቆ የሚይዝልኝ አንድ ሞርሳ። እንደዚያ ያለ ሥራ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ለእርዳታ የመጣውን የዘይት ጣሳ ሰዉ ይሰበስባል፤ እኔ እቀድደዋለሁ፣ እዘረጋዋለሁ፣ እርስ በርሱ አያይዤ ጣሪያ አደርገዋለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ከተማው ሁሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያበራ ነበር። ቀለም ውድ ነው፤ አንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም የአንዲት ግልገል ፍየል ዋጋ ነበረው። ሰው ግን ሥጋውን ትቶ ቀለሙን ይገዛል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ብቻ ያለው ሰው ደጁ ላይ ሰማያዊና ቢጫ በር ያቆማል። ሴቶቹ ያንን ስስ ረጅም ቀሚሳቸውን፣ የበር ቀለም የመሰለውን፣ ለብሰው ሲያልፉ ከየሻሂ ቤቱ የካሴት ዘፈን ይሰማል፤ የሴት ድምፅና ክራር የመሰለ ነገር፣ ካሴቱ አርጅቶ ዘፋኟ ውኃ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ይመስል ነበር። የዛሬው ስፒከር ጥርት አድርጎ ያሰማል። እንደዚያ ግን አያስለቅስም።

እንግዲህ አንድ ቀን የአየር ማረፊያው ጥበቃ አዛዥ ሱቄ መጣ። አዛዥ ፋራህ ይባላል። ጫካ የኖረ ታጋይ ነው፤ በአንድ ጆሮው ፈጽሞ አይሰማም፣ በሌላውም ቢሆን ካልጮኽክለት አይሰማም። አስራ ሁለት ካዝና በከረጢት ይዞ ነበር። ካዝና ማለቴ የጠመንጃውን ነው፤ ጥይት ታጭቆበት ከሆዱ ሥር የሚሰካውን ቆርቆሮ ሳጥን። ከየታጋዩ ከተሰበሰበው መሣሪያ ተመርጦ ለአስራ ሁለት ዘበኞች ሊሰጥ ነው፤ ጠመንጃዎቹ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ብቻ የሚተኩሱ፣ ባዶ ቀለሁን ተፍተው ቀጣዩን ራሳቸው የሚያቀባብሉ ናቸው። ካዝናዎቹ ዝገት በልቷቸዋል።

"አሳምርልኝ" አለኝ እየጮኸ። "መንግሥት ያለው አገር ዘበኛ የሚይዘው ይምሰል!"

እኔ ለስም ስል ምን ያላደረግሁት አለ? ታችኛውን ክዳን አወለቅሁ፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋውን ሞላ አወጣሁ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ከዚያ ውጪውን ብቻ ቀብቼ መተው ስችል "ውስጡስ ቢዝግ?" ብዬ እያንዳንዱን ካዝና እንዳለ የአረንጓዴ ቀለም ጣሳ ውስጥ ነከርኩት። ሁለቴ። ሽቦ ላይ አንጠለጠልኳቸውና እንደ ቋንጣ ደረቁ። ሞላውን መልሼ ስገጥም ትንሽ ያዝ ያዝ አለብኝ። "አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል" አልኩ ለራሴ። አዛዡ ሲያያቸው አቀፈኝ። አስራ ሁለቱ ዘበኞች በከተማው ተበተኑ፤ አንዱ አየር ማረፊያ፣ አንዱ ዋሄን ገበያ አፍ ላይ፣ አንዱ ሆስፒታሉ በር፣ አንዱ የእርዳታ ዱቄት መጋዘኑ ደጅ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አረንጓዴዬን አያለሁ፣ ደረቴ ይነፋል።

አየር ማረፊያው ላይ የቆመው ጃማ ነበር። ጃማ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ ሰው ነው። ግመል ጠብቆ አድጎ፣ ተዋግቶ፣ ዘበኛ ሆነ። ያ ቦታ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ዘበኛ ሲደለደል ለጃማ ሰዎች የደረሰ ነው። እሱ ቢወድቅ እሱ ብቻ አይወድቅም። ከሥራ ሲወጣ እኔ ሱቅ ያርፋል፤ ሽርጡን ሰብስቦ ጣሳ ላይ ይቀመጥና "አደር ዩሱፍ" ይለኛል፤ አደር አጎቴ እንደማለት ነው።

ያኔ አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው፣ ሰኞና ሐሙስ። መንደርደሪያው አጥር የለውም፤ ፍየሉም ግመሉም ይሻገርበታል። የጃማ ሥራ ድምፁ ሲሰማ ወደ ሰማይ ተኩሶ ከብቱን ማባረር ነው። ሰባት ወር ያህል ግን አንዴም መተኮስ አላስፈለገውም፣ ድንጋይና ፉጨት ይበቃው ነበር። አንድ ሰኞ አስራ አምስት የሚሆኑ ግመሎች መሐል መንደርደሪያው ላይ ቆሙ። አውሮፕላኑ ጎማውን አውርዷል። ጃማ ተኮሰ፤ ግመሎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ደግሞ ሳበ፤ ምንም የለም። ጠመንጃው ነክሷል፤ ጥይቱ አልገባ ብሎ ተይዟል። ከፍቶ፣ ነቅንቆ፣ ደግሞ ሳበ፤ ምንም። ጠመንጃውን ጥሎ እየጮኸ ሲሮጥ አውሮፕላኑ በግመሎቹ ራስ ላይ እያጓራ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ዞሮ ዞሮ በኋላ በሰላም አረፈ፤ ግን ውስጡ የከተማው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እንደወረዱ ቀጥ ብለው አዛዡ ዘንድ ሄዱ።

ይኼ ብቻ ቢሆን በቀለለ። ግመሎቹ የጃማ ያጎት ልጅ ግመሎች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ ገባችሁ አይደል? "ያጎቱ ልጅ ግመል እንዳይደነብር ብሎ ነው ያልተኮሰው" ተባለ። ጃማ "ወላሂ ነከሰብኝ" ብሎ ማለ። አዛዥ ፋራህ ጠመንጃውን ተቀብሎ የራሱን አሮጌ ካዝና ሰካበትና ተኮሰ፤ አስር ጥይት፣ አስሩም ሄደ። ጠመንጃው ንጹሕ ነው። እንግዲያ ውሸታሙ ማነው? የካዝናውን ነገር ያሰበ ማንም አልነበረም። ካዝና ለሰው ሁሉ ኪስ ነው፤ ኪስ ደግሞ ምን ጥፋት አለው? "እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ" አለው አዛዡ። "ሐሙስ ሽማግሌዎች ባሉበት ወይ እውነትህን ታሳየኛለህ፣ ወይ ጠመንጃውን ታስረክባለህ።"

ማክሰኞ ጠዋት ጃማ ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም። ካዝናውን ከሽርጡ እጥፋት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። "አደር፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። እኔ አልዋሸሁም። ተዋግቼ የኖርኩት ሁሉ ይቅር፣ ውሸታም ተብዬ እናቴ ዘንድ አልሄድም" አለኝ። አረንጓዴዬን አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም። "እኔ በር ነው የማውቀው። የምታውቅ ሴት ግን አለች" አልኩት።

ዋሄን ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መተላለፊያ ጥሩወርቅ የምትባል ከደጋ የመጣች ሴት የስፌት መኪና ትጠግን ነበር። ድሮ በአገሯ ጦር የመሣሪያ ጥገና ክፍል አስር አለቃ ነበረች። ጦሩ ሲበተን ወደ ኤደን ልትሻገር በርበራ ድረስ ወረደች፤ "ባሕሩን ሳየው ተጣላን" ትላለች፤ ተመልሳ ሼክ ኑር ሰፈር አንድ ክፍል ይዛ ቀረች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣ የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ ገብታ ነው ሁልጊዜ የማገኛት።

"አንተ ድሬ! ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርክ?"

"እኔ አልሰበርኩም፣ የሰው ስም ሊሰበር ነው" ብዬ ነገሩን አወራኋት።

ጃማ በሶማሊኛ "አደር፣ ሴት ጠመንጃ ልታስተምረኝ ነው?" አለኝ። አልሰማችም ብሎ ነው። እሷ በዚያ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ "ለሱ እንኳ ጊዜ የለኝም፤ አንተን ሳይሆን ካዝናህን ነው የማስተምረው፤ እሱ ካንተ ይሰማል" አለችው። ልብስ ሰፊዎቹ በሙሉ ሳቁ። ጃማም ድዱን አሳየን፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ካዝናውን ተቀብላ ጥይቶቹን በአውራ ጣቷ አንድ አንድ እየገፋች አወጣች። አራት ነበሩ፤ አንዱ ሰኞ ሄዷል። ከዚያ ባዶውን ሞላ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ትገፋለች፣ ትለቃለች፤ ትገፋለች፣ ትለቃለች። ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ በሕይወቴ እጅ አይቻለሁ፤ ወርቅ የሚሠራ እጅ፣ ሬሳ የሚያጥብ እጅ፣ ሕፃን የሚያዋልድ እጅ። እንደዚያ የሚያዳምጥ አውራ ጣት ግን አላየሁም።  ጣቷን አውጥታ አሸተተችው።

"ይኼ ምንድነው? ቅቤ?"

ጃማ አንገቱን ደፋ። "ሱባግ ነው። የናቴ። ገና ሲሰጡኝ፣ ጥይት ስከትበት ሲያዝብኝ ጊዜ ቀባሁት።"

የግመል እረኛ ልጅ ነው፤ ስልቻውንም፣ የእንጨት ወተት ዕቃውንም፣ የመጫኛ ገመዱንም በሱባግ አሽቶ ነው ያደገው። የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ሱባግ ነው። የሀርጌሳን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቅቤውና አቧራው ተዋሕደው ካዝናው ውስጥ ጭቃ ሆነዋል። ጥሩወርቅ ጃማን አልተቆጣችውም። በነጭ ጋዝ እያጠበች እንዲህ አለችን፤ ቃሏ እንዳለ ትዝ ይለኛል።

"ሰው ጠመንጃ በባሩድ የሚተኩስ ይመስለዋል። የመጀመሪያውን አዎ። ሁለተኛውን የምታስተኩሰው ይህች ሞላ ናት። ብረቱ ቀለሁን ተፍቶ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪመለስ፣ ዓይን እስኪርገበገብ አይሞላም፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ቀጣዩ ጥይት ወደ ላይ ወጥቶ ካዝናው ከንፈር ላይ መድረስ አለበት። ከደረሰ ብረቱ ይዞት ይገባል። ግድግዳው ይዞ ካዘገየው ብረቱ አይጠብቅም፤ ወይ ባዶውን ይዘጋል፣ ወይ ጥይቱን ወገቡ ላይ ይነክሰዋል። ለዚህ ነው ካዝና ደረቅና ንጹሕ የሚሆነው። ቅባት የሚወደው ሌላው ብረት ነው።" ደግሞ ቆም አለችና "አምስት ጥይት ብቻ ነው የሚሰጧችሁ?" አለችው።

"አምስት።"

"ሞላ ኃይሉ ሲጨናነቅ ነው። ጥቂት ሲሆንበት ልል ነው፤ ትንሽ ነገር ካስቸገረው ይሸነፋል።"

ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ልቤ ቀለለኝ። ረቡዕ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ሄድን፤ ጃማ ጠመንጃውን እስከ ሐሙስ ይዞታል። የታጠበውን ካዝና ሰካ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ነከሰ። ጃማ ጠመንጃውን አሸዋው ላይ አጋድሞ ቁጭ አለ።  አንድ ትልቅ ሰው አሸዋ እየዘገነ ሲያፈስ፣ ሲዘግን ሲያፈስ ማየት ይከብዳል።

ጥሩወርቅ ካዝናውን ፈትታ ትንሿን ጣቷን ውስጡ ሰደደች። ቀስ ብላ ከላይ ወደ ታች ወረደች። መሐል ላይ ቆመች።

"እዚህ ጋ ጉብታ አለ" አለች። "የቀለም እንባ። ወርዶ ወርዶ የደረቀ። ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ተደራርቦ ተቀብቷል። የሞላው ራስ ላይ ያለችው ቆርቆሮ እዚህ ስትደርስ ትጋደላለች፤ የጥይቱም አፍንጫ አብሮ ይደፋል። ማነው ካዝና ውስጡን የቀባ?"

እኔ "እንጃ" አልኩ።

ይኸው፣ ይህችን ቃል ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ። ስሜ ነው የታየኝ። በር የሚያሠራኝ ሰው ሁሉ፣ አረንጓዴው፣ የአዛዡ እቅፍ። ጥሩወርቅ ጥፍሬን አየች። የቀለም ሠራተኛ ጥፍር መቼም አይነጻም። ዓይኗን ከጥፍሬ አንስታ ወደ ወንዙ ማዶ አየች።

ጃማ ተስፋ አግኝቶ ተነሳ። "እንፋቀው! አሁኑኑ እንፋቀውና ነገ ልተኩስ!"

"ከፋቅነው ማን ያምንሃል?" አለችው። "ነገ አምስቱም ሲሄድልህ 'ዛሬማ ግመል የለም፣ ተኮሰ' ነው የሚሉህ። እንዳለ ነው ለአዛዡ መታየት ያለበት። የቀባውም ሰው ቆሞ 'እኔ ነኝ' ማለት አለበት።" ይህን በሶማሊኛ ለጃማ ተናገረችው። ከዚያ ሻሿን እያስተካከለች በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ፣ "ድሬ ሰው ሆዱ ሰፊ ነው ይባላል" አለችኝና ቀድማን ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት አየር ማረፊያው ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የጃማ ወገኖች በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ በሌላ በኩል። ሰው ሁሉ ንጹሕ ልብሱን ለብሷል። ከዘራ፣ ባለ ጥልፍ ኮፍያ፣ ሽቶ፤ ለለቅሶም ለሰርግም የሚሆን ዓይነት ጠዋት። እኔ ሐሳቤ አዛዡን ለብቻው ጠጋ ብዬ በጆሮው ልነግረው ነበር። ጠጋ አልኩት።

"አዛዥ፣ ካዝናውን በቀለም ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ ዝግ ብዬ።

"ምን?"

"ካዝናውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ጮክ በል! ምን ሆንክ ነው የምትለው?"

ያ ጆሮው! ከሽማግሌ እስከ ሻሂ ሻጭ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ድምፄን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ "ጃማ አልዋሸም! ካዝናውን ቀለም ውስጥ ነክሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ! ዩሱፍ ነኝ! በር የምሠራው!" ብዬ ጮኽኩ። ከመንደርደሪያው ማዶ ያሉት ፍየሎች እንኳ ቀና ያሉ ይመስለኛል። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው "ሰማንህ፣ ሰማንህ፣ በርበራም ሰምታሃለች" አሉ።

ማንም አልሳቀም። አዛዥ ፋራህ አረንጓዴውን ካዝና ተቀበለኝና የገዛ ራሱ ጠመንጃ ላይ ሰካው። ወደ ባዶው ሜዳ ዞሮ ተኮሰ። አንድ። ደግሞ ሳበ፤ ነከሰ። ከፍቶ ዓይኑን አስጠግቶ አየው፤ ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ፣ ወገቡ ላይ ተነክሶ። ለሽማግሌዎቹ እያዞረ አሳያቸው። እያንዳንዳቸው ጎንበስ እያሉ፣ የታመመ ሕፃን ዓይን እንደሚታይ አዩት። ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ውስጡን ቀለም በቢላ ጫፍና በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። ጥሩወርቅ ከኪሷ የተማሪ እርሳስ አወጣች፣ ጫፉን ፈጭታ ዱቄቱን በጨርቅ ግድግዳው ላይ አሸችበት። "እንደ ቅባት ያንሸራትታል፣ አቧራ ግን አይዝም" አለች። ካዝናው ለጃማ ተሰጠው። አምስት ጥይት። ጃማ "ቢስሚላህ" ብሎ አምስቱንም ተኮሰ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ልክ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ። ቀለሆቹ እግሩ ሥር ወደቁ። የቀለም ውፍረት እኮ ነው! የወረቀት ያህል የማይወፍር ነገር የሰውን መሐላ ውሸት አድርጎት ነበር።

አዛዡ የጃማን እጅ ያዘ። "ቃልህ ቃል ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁህ፣ ጆሮዬም ልቤም" አለው። የጃማ ወገኖች "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔን ማንም አልሰደበኝም። እንዲያውም ያ ነው የከበደኝ።

ከዚያ አዛዡ ድንገት የጃማን እጅ ለቀቀ። ወደኔ ዞረ።

"ስንቱን ነው የነከርከው?"

"አስራ ሁለቱንም!" ብዬ ጮኽኩ።

"ሁሉንም እንደዚህ?"

"ሁሉንም!"

ያኔ ሁላችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። ሰባት ወር። የገበያው አፍ፣ የሆስፒታሉ በር፣ የዱቄቱ መጋዘን። ያቺ ገና ትናንት እርስ በርሷ የተዋጋች፣ በየቤቱ መሣሪያ ያለባት ከተማ፣ ከአንድ ጥይት በላይ ለመተኮሳቸው ዋስትና በሌላቸው አስራ ሁለት ጠመንጃዎች ተጠብቃ ሰባት ወር አደረች። ሴቶች ወርቅ አድርገው ወጡ። ሰው ጣሪያ ሠራ፣ በር ቀባ፣ ዳረ፣ ወለደ። አንድም ሰው ሁለተኛዋን ጥይት ሳያስፈልገው። የሚጠብቀን ብረቱ መስሎን ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እኒያ 'በርበራም ሰምታሃለች' ያሉኝ፣ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው "ሱብሐነላህ" አሉ። በዝግታ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ እስከ ዛሬ ጸጉሬ የሚቆመው ያን ሳስታውስ ነው።

አዛዥ ፋራህ ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ጃማ" አለ፣ "ቀሪዎቹን አስራ አንድ ከየዘበኛው ሰብስበህ ለዩሱፍ የምታደርስ አንተ ነህ። እዚህ የተሰማው እዚሁ ይቅር፤ ለማንም አትንገር።" ያን ዕለት ጠዋት ትጥቁን ሊፈታ የመጣ ሰው የሌሎቹን ትጥቅ እንዲሰበስብ ታዘዘ። ከሁለቱም በኩል ካሉት ሽማግሌዎች አንድም "ለምን እሱ?" ያለ አልነበረም።

ጃማ ከቀትር በኋላ ሱቄ መጣ። ነጠላ የመሰለ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ፣ ከባድ ነገር በውስጡ ቋጥሮ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፤ አረንጓዴዎቼ ናቸው፣ ተደራርበው። አላየኝም፤ ደጁን እያየ ነበር።

"አስራ አንድ ናቸው፤ ቁጠራቸው አደር" አለኝ።

"አንተ አስራ አንድ ካልክ አስራ አንድ ናቸው" አልኩትና፣ ሳልቆጥር፣ የመጀመሪያውን አንስቼ ሞርሳው ላይ አሰርኩት።